ችላ መባል ስንት መልክ አለው?

በዕብራይስጥ «ሀዝናሃ» የምትባል አንዲት ቃል አለች። እኛ ግን ለዚሁ ነገር ብዙ ቃል አለን። አንዳንዱ በእኛ ላይ የደረሰ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ከገዛ ቤታችን የወጣ።

በብዙዎቻችን ቤት፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን ወይም ከቁም ሳጥኑ ላይ፣ አንድ ፌስታል አይጠፋም። ውስጡ ደብዳቤ ነው። ከቢቱዋህ ሌኡሚ የመጣ አለ፣ ከኩፓት ሆሊም የመጣ አለ፣ ከባንክ የመጣ አለ። ግማሹ ተከፍቷል፣ ግማሹ እንደታሸገ ነው። ባለቤቱ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ መጥቶ እስኪያነብለት ይጠብቃል። ልጅ ሲመጣ ደግሞ ከሥራ ደክሞት ነው የሚመጣው። ቡናውን ይጠጣል፣ ስልኩን ያያል፣ «ሌላ ቀን አየዋለሁ አባባ» ብሎ ይነሳል። ፌስታሉ ከወር ወር ይወፍራል።

እዚህ ላይ ጥፋተኛው ማን ነው? ተቀባዩ በማያነበው ቋንቋ ደብዳቤ የላከው መሥሪያ ቤት ነው? ጊዜ ያጣው ልጅ ነው? ወይስ «ልጆቼን አላስቸግርም» ብሎ ዝም ያለው ሽማግሌ? እውነቱን ከተነጋገርን ሦስቱም ድርሻ አላቸው።

ዕብራይስጡ ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ይጠራዋል። ያልተጠረገ መንገድ ሀዝናሃ ነው፣ ያልታከመ በሽተኛም፣ ጠያቂ የሌለው አዛውንትም ሀዝናሃ ነው። አማርኛችን ግን ነገሩን ይለያየዋል። መዘንጋት አለ። ችላ ማለት አለ። ፊት መንሳት አለ። ሰምቶ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት አለ። ዳዋ መልበስ አለ። ጠያቂ ማጣት አለ።

የዘነጋ ሰው ሲያስታውሱት ይደነግጣል፣ ይቅርታ ይላል። ችላ ያለ ሰው ግን ያውቃል፤ አውቆ ነው የተወው። ፊት የነሳ ደግሞ ከነጭራሹ እንደ ሰው አልቆጠረህም። በሽታው ከተለያየ መድኃኒቱም ይለያያል። ስለዚህ አንድ በአንድ እንያቸው።

ፊት መንሳት

በጃንዋሪ 1996 አንድ የዕብራይስጥ ጋዜጣ ያወጣውን ዜና የሚረሳ ሽማግሌ ያለ አይመስለኝም። ልጆቻችን በጦር ሠራዊትም፣ በሌላም ቦታ እጃቸውን ዘርግተው የለገሱት ደም ለዓመታት በድብቅ ሲጣል ኖሯል። የተሰጠው ምክንያት የኤች አይ ቪ ሥጋት ነው።

የዚያን ቀን ያቃጠለን ደሙ መጣሉ ብቻ አልነበረም። በግልጽ «የእናንተን ደም አንወስድም» ቢባል ኖሮ ሰው ይከራከራል፣ ሐኪም ይጠይቃል፣ ምርመራ ይደረግልን ይላል። የሆነው ግን ሌላ ነው። ተቀበሉ፣ «ቶዳ ራባ» አሉ፣ ከጀርባ ጣሉ። ሰጪው በኩራት ወደ ቤቱ ሄደ። ፊት መንሳት ማለት ይሄ ነው። ፊትህ ፈገግ እያለ አንተን ግን አያይህም።

ጃንዋሪ 28 በኢየሩሳሌም፣ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት በሺህ የሚቆጠር ሰው ወጣ። ከፖሊስ ጋርም ግጭት ሆነ። ቀደም ሲል ድምፁ የማይሰማ፣ ጨዋ፣ ታጋሽ ይባል የነበረ ሕዝብ ነበር። መንግሥትም በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይጽሐቅ ናቮን የሚመራ አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ።

ከዚያ በፊትም በ1985 መስከረምና ጥቅምት አካባቢ ቄሶቻችንና ሽማግሎቻችን በኢየሩሳሌም በዋናው ረባኑት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀምጠዋል። ትቪላ ካልፈጸማችሁ አይሁድነታችሁ አይሟላም መባሉን በመቃወም ነበር። ራቭ ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 አይሁድ ናቸው ብለው ፈርደው፣ መንግሥትም በ1975 በሕገ ሽቩት ተቀብሎን እያለ፣ ዳገት ቁልቁለት ወርደን፣ ወገን ቀብረን ለደረስነው ሰዎች እንደገና «እናንተ ማን ናችሁ?» የሚል ጥያቄ መጣ። ያን ጊዜ በብርድ የተቀመጡት ብዙዎቹ ዛሬ የሉም። ያሉት ግን ይህን ጽሑፍ ሊያነቡ ይችላሉ፤ እነሱ ከእኔ የተሻለ ይናገሩታል።

ፊት ለነሳህ ማስታወሻ መጻፍ አይበቃም። ፊቱ ላይ መቆም ነው። አባቶቻችን ይህን አድርገዋል።

ችላ ማለት

አቬራ መንግሥቱ በሴፕቴምበር 2014 ከአሽቀሎን ወጥቶ አጥሩን ተሻግሮ ጋዛ ገባ። የአእምሮ ሕመም የነበረበት ወጣት ነው። ጉዳዩ በዜና እንዳይወጣ ታግዶ ቆየና ሕዝብ የሰማው በጁላይ 2015፣ ከአሥር ወር በኋላ ነው። ወደ ቤቱ የተመለሰው ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2025 ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ማለት ነው።

በእነዚያ ዓመታት በየለቅሶው፣ በየሠርጉ፣ በየቡናው ላይ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነበር። «የሌላ ሰው ልጅ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ዝም ይባል ነበር?» ቤተሰቡና ከጎናቸው የቆሙ ሰዎች ስሙን እየጠሩ ዓመት ቆጠሩ። አገሩ ስሙን ያውቀዋል፤ አልተዘነጋም። ጉዳዩ ግን ከዓመት ዓመት ይገፋል። ይህ ነው ችላ ማለት። ፋይሉ ጠረጴዛ ላይ አለ፣ እጅ ግን አይነካውም።

ሆኖም ራሳችንን እንጠይቅ። እኛስ በሙሉ ድምፃችን ጮኸናል? ሰልፍ ሲጠራ ስንቶቻችን ሄድን? ከመካከላችን «እሱ እኮ ታማሚ ነው፣ ምን ይደረግ» ያለ ሰው አልነበረም? የአእምሮ ሕመም በእኛ ዘንድ እንደ ነውር ስለሚታይ፣ ብዙ ልጅ በየቤቱ መጋረጃ ጀርባ ተሸሽጎ ይኖራል። ጎረቤት እንዳይሰማ፣ ለእህቱ ትዳር እንዳይከለክል ተብሎ ሐኪም ሳያየው ዓመታት ያልፋሉ። መንግሥት ሲያደርገው ችላ ማለት ያልነውን፣ በቤታችን ስናደርገው «ገበና መሸፈን» ብለን ሌላ ስም እናወጣለታለን።

መዘንጋት

«የሙሴ ዘመቻ» የሚባለው ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 ተካሄደ፤ ወደ 8,000 የሚጠጋ ሰው ከሱዳን ገባ። «የሰለሞን ዘመቻ» በሜይ 1991 ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ያህል ውስጥ ከአዲስ አበባ አመጣ። ይህን ማንም ያውቀዋል። ፊልም ተሠርቶለታል፣ በትምህርት ቤት ይነገራል። ወንበሩ የተነቀለው አውሮፕላን፣ በአየር ላይ የተወለዱት ሕፃናት ሁሉ ይነሳሉ።

ግን አውሮፕላኑ ጋ ለመድረስ በእግር የተሄደው መንገድ ለብዙ ጊዜ ተዘንግቶ ነበር። ከስሜን፣ ከወልቃይት፣ ከጎንደር ዙሪያ፣ ከትግራይ ሌሊት ሌሊት እየተጓዙ፣ ቀን ቀን ጫካ ውስጥ እየተደበቁ የሄዱት፣ በኡም ራኩባና በገዳሪፍ በበሽታና በውሃ ጥም የቀሩት ታሪካቸው በአጭሩ ይታለፍ ነበር። በመንገድና በመጠለያው ያለቁት ወደ 4,000 ይጠጋሉ ይባላል። ለእነሱ በሄርዝል ተራራ መንግሥታዊ መታሰቢያ የቆመው በ2007 ነው። ከሙሴ ዘመቻ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው። አሁን በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን ሥነ ሥርዓት ይደረጋል።

ስግድም እንዲሁ ነው። ከዮም ኪፑር በኋላ በሃምሳኛው ቀን፣ በሄሽቫን 29፣ አባቶቻችን ተራራ ላይ ወጥተው «ለኢየሩሳሌም አብቃን» እያሉ ይጸልዩ ነበር። ኢየሩሳሌም ከገባን በኋላ በአርሞን ሀነጺቭ መሰብሰብ ጀመርን። ክኔሴት በሕግ የመንግሥት በዓል ያደረገው በ2008 ነው። ያ የመጣው በራሱ አይደለም፤ ዓመት ከዓመት ጃንጥላ ዘርግተው ኦሪት ተሸክመው የወጡ ቄሶችና የጠየቁ ወጣቶች ስለነበሩ ነው።

ከዚህ የምንማረው፣ መዘንጋት ከሌሎቹ ሁሉ የሚሻለው እሱ መሆኑን ነው። የዘነጋ ሰው የሚያስታውሰው ካገኘ ያስታውሳል። አስታዋሹ ሲያልቅ ግን ሌላ ነገር ይመጣል።

ዳዋ መልበስ

እርሻ የሚያርስ ሰው ዳዋን ያውቀዋል። ማንም እርሻውን አላቃጠለም፣ ማንም አልወረሰውም። ባለቤቱ አንድ ክረምት አላረሰም፣ ሁለት ክረምት አላረሰም፣ ከዚያ እርሻ የነበረው ቦታ የት እንደሆነ አይታወቅም። ጠላት የሌለበት ጥፋት ነው።

ይህ በእኛ ላይ አንድ ጊዜ ደርሷል። ቅድመ አያቶቻችን የአገው ቋንቋ ይናገሩ ነበር። በየአካባቢው በአማርኛና በትግርኛ እየተተካ ሄደ። ዛሬ የዚያ ቋንቋ ቁርጥራጭ በጸሎታችን ውስጥ ተቀምጧል፤ ቄሶች ያዜሙታል፣ ትርጉሙን የሚያውቅ ግን እምብዛም የለም። ቋንቋ በአንድ ቀን አይሞትም። አንድ ትውልድ ይናገረዋል፣ ቀጣዩ ይሰማዋል፣ ሦስተኛው ዜማውን ብቻ ይይዘዋል።

አሁን ቆጥረን እንየው። እኛ አማርኛ ወይም ትግርኛ እንናገራለን። ልጆቻችን ይሰማሉ፣ በዕብራይስጥ ይመልሳሉ። የልጅ ልጆቻችንስ? «ሳባ» እና «ሳቭታ» ይሉናል፣ ከዚያ ውጭ «ና»፣ «ብላ»፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ካወቁ ጎበዝ ናቸው። አያትና የልጅ ልጅ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው፣ እየተዋደዱ፣ መነጋገር ሳይችሉ ሲቀሩ ያላየ ማን አለ? ይህን ያደረገብን መንግሥት ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ብዙዎቻችን ልጁ በትምህርት ቤት እንዳይቸገር ብለን፣ የተሰባበረ ዕብራይስጣችንን መርጠን፣ የሞላውን ቋንቋችንን አስቀመጥነው።

የኦሪት መጻሕፍትም አሉ። ቄሶቻችን በብራና ላይ በግዕዝ የተጻፈውን ኦሪት ተሸክመው ነው የመጡት። በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ «የኦሪት ጠባቂዎች» የሚባል ትምህርት ተከፍቶ የእኛው ወጣቶች ከቄሶች እግር ሥር ተቀምጠው ንባቡንና በቃል የሚተላለፈውን ትርጓሜ እየመዘገቡ ነው። በዚሁ ሥራ በ15ኛው መቶ ዘመን የተጻፉ ሁለት የኦሪት መጻሕፍት እንደተገኙ ተነግሯል። የተገኙት በሙዚየም አይደለም፣ በቄሶች እጅ ነው። ልብ በሉ፤ አምስት መቶ ዓመት ያለፈው መጽሐፍ በእኛው ሰፈር ነበር።

ታዲያ ሌላ የት የት አለ? ቄሱ ሲያርፉ መጽሐፉ ለወራሽ ይቀራል። ወራሹ ግዕዝ አያነብም። በፌስታል ጠቅልሎ ቁም ሳጥን ላይ ያስቀምጠዋል፤ እርጥበት ይገባዋል። መጽሐፉን ንቆት አይደለም፣ እንዲያውም ስለሚያከብረው ነው የማይነካው። ግን ብራና ማክበር ብቻውን አያድነውም። ፎቶ ይነሳ፣ ይመዝገብ፣ በደረቅ ቦታ ይቀመጥ። መመዝገብ ማለት አሳልፎ መስጠት አይደለም፤ መጽሐፉ የቤተሰቡ እንደሆነ ሊቀር ይችላል። ይህን አስቀድሞ ጠይቆ፣ በጽሑፍ ተስማምቶ መስጠት ይገባል።

ጠያቂ ማጣት

አሁን ወደ ፌስታሉ እንመለስ። በአገራችን ሰው ሲያረጅ ቤት ይሞላል እንጂ አይጎድልም ነበር። ልጅ ከጎን ይሠራል፣ ምራት ውሃ ትቀዳለች፣ የልጅ ልጅ ከብት ይጠብቃል። ጠያቂ ያጣ ሽማግሌ የመንደሩ ሁሉ ነውር ነበር። እዚህ ልጁ ሌላ ከተማ ይኖራል፣ ሁለት ፈረቃ ይሠራል፣ የቤት እዳ ይከፍላል። አልጠላንም፤ ጊዜ አጥቷል። ውጤቱ ግን ያው ነው፣ በሩ አይንኳኳም።

እኛም እናግዘዋለን። ሐኪም «ምን ያምሃል?» ሲለን «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን። ለሰው ሕመም መዘርዘር ጨዋነት አይመስለንም። ሐኪሙ ደግሞ የሚጽፈው የሰማውን ነው። «ደህና ነኝ አለ» ብሎ ይጽፋል። እግሩ ያበጠው፣ ሌሊት የማይተኛው፣ መድኃኒቱን ግማሽ ግማሽ የሚወስደው ሰው በወረቀት ላይ ጤነኛ ሆኖ ይቀራል። ዕብራይስጡ ለዚህም ስም አለው፣ «ሀዝናሃ አጽሚት» ይለዋል። ራስን ችላ ማለት ነው።

ማወቅ የሚገባንን ባጭሩ እናስቀምጥ።

አንደኛ፣ ከ1988 ጀምሮ የሚሠራ የሲዑድ ሕግ አለ። በጡረታ ዕድሜ ላይ ሆኖ ቤቱ የሚኖር፣ ለመልበስ፣ ለመታጠብ፣ ለመብላት የሰው እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው፣ እንደ ገቢውና እንደ አቅሙ ታይቶ ከቢቱዋህ ሌኡሚ እርዳታ ያገኛል። ካልጠየቁት ግን አይመጣም። መርማሪ ቤት ሲመጣ ደግሞ «እንግዳ መጣ» ብሎ እንደምንም ተነስቶ ቡና ማፍላት ራስን መጉዳት ነው። የማይቻለውን አልችልም ማለት ነውር አይደለም። ልጅ ወይም አማርኛ የሚያውቅ ሰው አብሮ ይቀመጥ።

ሁለተኛ፣ በ1989 የወጣ ሕግ ራሱን መከላከል የማይችል ሰው በሚንከባከበው ሰው ሲበደል ያወቀ ሁሉ ለሶሻል ሠራተኛ ወይም ለፖሊስ እንዲያመለክት ያስገድዳል። ተንከባካቢውም ልጅም ቢሆን፣ ማስራብ፣ ቆልፎ መሄድ፣ ገንዘብ መውሰድ የቤት ገበና ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። በስልክ ቁጥር 118 የዌልፌር ሚኒስቴርን ማግኘት ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ፌስታሉ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ከልጆች አንዱ ኃላፊነት ይውሰድ። የመጣውን ደብዳቤ በስልክ ፎቶ አንስቶ ለመላክ የሚችል ጎረቤትም ካለ ጥሩ ነው። የይግባኝ ቀን ያለፈበት ደብዳቤ ብዙ ቤት አለ፤ ቀኑ የሚቆጠረው ደብዳቤው ከደረሰበት እንጂ ልጁ ካነበበበት አይደለም።

የእኛ ዝምታ

የመጨረሻው መልክ ለመናገር የሚከብድ ነው፣ ምክንያቱም የእኛው ነው። ስለ ሱዳን ለልጆቻችን ምን ነግረናል?

ብዙዎቻችን ዝም ብለናል። ልጅ እንዳያዝን ብለን፣ ቁስሉ እንዳያመረቅዝ ብለን፣ ወይም ስንጀምረው ጉሮሯችን እየተያዘ። በመንገድ ላይ ልጅ የቀበረች እናት አርባ ዓመት ሙሉ ስሙን ጮክ ብላ ሳትጠራ ኖራለች። የእኛ ሰው ችግሩን በሆዱ ይይዛል፣ እንዲህ ነው ያደግነው። ልጆቹ ግን ዝምታውን በሌላ ይተረጉሙታል። «የሚነገር ነገር ቢኖር ይነግሩን ነበር» ይላሉ። ወይም ታሪካችንን ከፊልም ይማራሉ፤ በፊልሙ ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ አዳኙ ሌላ ሰው ነው፣ እኛ የምንድነው ብቻ ነን። ያን መንገድ በራሳቸው አእምሮና በራሳቸው እግር የከፈቱትን የመንደር ሰዎች ማን ይናገርላቸው?

ስለዚህ ከሽማግሎቻችን የምንለምነው ትልቅ ነገር አይደለም። በሚቀጥለው ሰንበት ካለፈ በኋላ፣ በእሁድ ማታ፣ የልጅ ልጁን ጠርታችሁ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ እንዲያደርግና እንዲቀዳ ንገሩት። ሙሉውን ታሪክ መናገር አያስፈልግም። ከየት መንደር ተነሳችሁ? በየትኛው ወር? ማን መራችሁ? ወንዙን የት ተሻገራችሁ? ማን ቀረ? የት ተቀበረ? በአማርኛ ይሁን፣ በትግርኛ ይሁን። ልጁ ዛሬ ባይገባው ነገ የሚተረጉምለት ያገኛል፤ ያልተቀዳውን ግን የሚተረጉም የለም።

በሄርዝል ተራራ ሐውልቱ ቆሟል። ከወደቁት ውስጥ ግን ስማቸውን ዛሬም የሚያውቀው አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ የሆነ አሉ። ያ ሰው ምናልባት እርስዎ ነዎት። ፌስታሉን ልጅ ይከፍተዋል። ይህን ግን ከእርስዎ በቀር ማንም አይከፍተውም።